የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የውሃ ድርሻ ይጻፍለት

ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል
ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ጉዳዩ፦ ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚለቀቀው ውሃ በመጠንና በሰዓት ተወስኖ ለሕዝብ ይፋ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጢስ ዓባይ ስማቸው ከአገር አልፎ ከሚታወቅ ጥቂት የገጠር መንደሮቻችን አንዷ ናት። ያስጠራት ከጎኗ የሚወርደው ፏፏቴ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አይቶት ጽፎለታል፤ እኛም በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ አትመን ለብዙ ዓመታት ከኪስ ወደ ኪስ ስናዘዋውረው ኖረናል። በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ካለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ለፏፏቴው የሚለቀቀው ውሃ መጠኑ በቁጥር፣ ጊዜው በቀንና በሰዓት ተወስኖ በአሠራር ደንብ ይጻፍ፤ ደንቡም ማንም ሰው አንብቦ እንዲጠይቅበት ይፋ ይሁን። ስለ ጢስ ዓባይ ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር ንግግሩ የሚያዘነብለው ወደ መንገድ፣ ወደ ሎጅና ወደ ማስተዋወቅ ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ይሁንና የጢስ ዓባይ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የውሃ ድልድል ጉዳይ ነው፤ ድልድሉ ሳይበጅ ለሌላው የሚወጣው ገንዘብ ሙሽራ ለሌለበት ሠርግ ዳስ እንደ መጣል ነው።

የመንደሪቱ ሀብት ፏፏቴው ብቻ አለመሆኑን በቅድሚያ ማንሳት ተገቢ ነው። አካባቢው በእግር ተዞሮ የሚታይ ነው። አንደኛው መንገድ ከመንደሩ ቁልቁል ወርዶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ወደ ተሠራው የአላታ ድልድይ ያደርሳል። ከላይ በሰፊው ተዘርግቶ የወረደው ዓባይ እዚህ ሲደርስ በጥቁር ድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ተጨምቆ ያልፋል፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ወንዝ በድንጋይ ቅስት መሻገር የተቻለውም ወንዙ በዚህ ስፍራ ስለሚጠብ ነው። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ይጀምራል። መንገዱ በእርሻና በጎጆዎች መካከል አልፎ ከፏፏቴው ትይዩ ካለው ጉብታ ላይ ያወጣል፤ ከዚያ በተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው ግርጌ መቅረብ፣ በመጨረሻም ከፏፏቴው በላይ ውሃው ረጋ ከሚልበት ቦታ በጀልባ ተሻግሮ ወደ መንደሩ መመለስ ይቻላል። በዚህ ዙሪያ ላይ አስጎብኚው፣ ባለ ጀልባው፣ ነጠላና ቅል ይዛ የምትቀርበው ሻጭ፣ በመንገዱ ዳር ቡና የምታፈላው ሴት እያንዳንዳቸው የዕለት ጉርሳቸውን ያገኛሉ። ድልድዩም፣ ገደሉም፣ ጉብታውም በራሳቸው የሚታዩ ናቸው፤ ሰውን ከባሕር ዳር አስነስቶ እነርሱ ዘንድ የሚያደርሰው ግን ፏፏቴው ነው። ውሃው ሲቀር ዙሪያው በሙሉ ይቀራል።

ውሃው እንዴት እንደ ቀነሰ የሚነግረን ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የተመረቀው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ከፏፏቴው በላይ ውሃ ጠልፎ፣ በቦይ ወስዶ፣ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሳል። የጠለፈው መጠን አነስተኛ ስለ ነበር ፏፏቴውና ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ተቻችለው ኖሩ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ የጣና መውጫ በጨረጨራ ግድብ በር ተበጀለት፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር በሮቹ ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ ምን ያህል ውሃ እንደሚወጣ የሚወስነው በር ከፋቹ ነው፤ ከወጣውም ውስጥ ምን ያህሉ በፏፏቴው፣ ምን ያህሉ በቦዩ እንደሚያልፍ የሚወስነው የማመንጫው ፍላጎት ሆነ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ ሦስተኛውን ለውጥ አመጣ። ይህ ፕሮጀክት በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኪዩብ ውሃ ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ሸለቆ ያወርዳል። ይህ ውሃ ከፏፏቴው በላይም በታችም አያልፍም፤ ጢስ ዓባይን ጭራሽ አያያትም። ስለዚህ ፏፏቴው በበጋ ሲሳሳ ጥፋቱን ሁሉ በሰማይ ላይ መጫን አንችልም። የዝናብ መዋዠቅ የራሱ ድርሻ አለው፤ ድርቅ ባልሆነ ዓመት ጥር ላይ የሚታየው ጥቁር ገደል ግን በአብዛኛው የሰው ውሳኔ ውጤት ነው። ውሳኔ ደግሞ ሊሻሻል ይችላል።

ፏፏቴው ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልገው የተጠናበት ጊዜ አለ። የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ፏፏቴው ባለበት የወንዙ ክፍል ያለው ሕይወት መሠረታዊ ተግባሩ እንዳይናጋ በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ መለቀቅ እንዳለበት አስልተዋል። ይህ ከዓመታዊው አማካይ ፍሰት 22 በመቶ ነው። በድርቅ ዓመት እንኳ በየትኛውም ወር ፍሰቱ በሰከንድ ከ3.7 ሜትር ኪዩብ በታች መውረድ እንደሌለበትም አስቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን እዚያው ጥናት ላይ በግልጽ የሰፈረ አንድ ማሳሰቢያ ነው፤ ስሌቱ የፏፏቴውን ውበት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ውሃ አይጨምርም። 862 ሚሊዮኑ ወንዙ ወንዝ ሆኖ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ብቻ ነው ማለት ነው። ፏፏቴው ሰው ሊያየው የሚመጣበት ፏፏቴ ሆኖ እንዲታይ የሚያስፈልገው ከዚያ በላይ ነው፤ ይህንንም ሊወስኑ የሚገባቸው ሰነዱን የሚያዘጋጁት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ከዚህ ጥናት በፊትም በኋላም በሙያተኞች መዝገብ ውስጥ ሌሎች ቁጥሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ነዋሪው የማያውቀው፣ ትኬት ቆራጩ የማይጠቅሰው፣ ሲጣስ ማንም የማይጠየቅበት ቁጥር ግን ፋይል ውስጥ ተኝቶ ከመቅረት አልፎ ለፏፏቴው ጠብታ አይጨምርም።

ለመንደሪቱ ነገሩን የሚያከብደው የወቅት አለመገጣጠም ነው። ፏፏቴው በሙሉ ግርማው የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ ሐይቁ ዝናቡን ተቀብሎ አጠራቅሞ ስለሚሰጥ የፍሰቱ ጫፍ ከዝናቡ ጫፍ ዘግየት ይላል። የጎብኚው ወቅት ደግሞ ከጥቅምት ይጀምርና በገናና በጥምቀት ከፍ ብሎ እስከ የካቲት ይዘልቃል። ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ፣ የጣና ገዳማትን ጎብኝቶ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወርደው ሰው የሚደርሰው ውሃው በሳሳበት ወቅት ነው። ከትይዩው ጉብታ ላይ ቆሞ የሚያየው ሰፊ ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ፣ በአንድ ጥጉ ላይም ጥቂት ነጫጭ ክር መሳይ ጅረቶችን ሊሆን ይችላል። ከፏፏቴው ፊት ለፊት በርጭቱ ሲረጥብ የሚለመልመው ሣር ደርቋል፤ ጠዋት ላይ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን በርጭቱ ውስጥ የሚታየው ቀስተ ደመናም የለም። አስጎብኚው ይህን ጊዜ ስለ ክረምቱ ይተርካል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። ጎብኚው ለትኬት የከፈለው ግን ለፎቶ አልነበረም። እንዲህ ቅር ብሎት የተመለሰ ሰው ለወዳጆቹ የሚናገረው ስለ ድልድዩ ወይም ስለ ገደሉ ሳይሆን ስለ ቀረበት ውሃ ነው፤ በዚህ መልክ የሚጠፋውን ስም የትኛውም የማስተዋወቂያ ፊልም አይመልሰውም።

ታዲያ ምን ያህል ውሃ ነው የምጠይቀው? ለመነጋገሪያ ያህል አንድ ስሌት ላቅርብ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት አራት ወራት በየቅዳሜውና በየእሑዱ፣ እንዲሁም በበዓላት፣ በድምሩ ወደ 40 በሚጠጉ ቀናት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በሰከንድ 30 ሜትር ኪዩብ ውሃ በፏፏቴው ላይ ይለቀቅ እንበል። ይህ በቀን 864 ሺህ፣ በወቅቱ በሙሉ ደግሞ ወደ 35 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይሆናል። 862 ሚሊዮኑ 22 በመቶ ከሆነ ዓመታዊው ፍሰት 3.9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የጠየቅሁት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የበለስ አማካይ ድርሻ በዓመት ሲሰላ 2.4 ቢሊዮን ገደማ ይመጣል። በእርሱ ላይ ለወንዙ ሕይወት የተሰላው 862 ሚሊዮን ሲደመር 3.3 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል፤ በአማካይ ዓመት ከዚያም በኋላ ወደ 600 ሚሊዮን ይተርፋል። 30 ሜትር ኪዩብ የመስከረምን ግርማ እንደማይመልስ ግልጽ ነው። ጥቁሩን ገደል በከፊል አልብሶ፣ ድምፁንና ርጭቱን መልሶ፣ ጎብኚው የመጣበትን ነገር አይቶ እንዲሄድ ግን ያስችላል። የእናንተ መሐንዲሶች 30ውን 20 ወይም 45 ሊያደርጉት ይችላሉ። ክርክሬ በቁጥሩ ላይ ሳይሆን ቁጥር መኖር አለበት በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው፤ አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል፤ ገና መብራት ያልገባለት ገበሬ እያለ ለዓይን ደስታ ውሃ ማፍሰስ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት ስላለው በስሜት ሳይሆን በሒሳብ መመለስ አለበት። ወደ በለስ የሚሄደው ውሃ የሚያመነጨው ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ በዚህ ቁልቁለት የሚሰጠው 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 35 ሚሊዮኑ ሜትር ኪዩብ በሙሉ ከበለስ ላይ ተቀንሷል ብንል እንኳ የሚቀረው ኃይል 28 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የበለስ ማመንጫ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይህን በሁለት ቀን ተኩል ያመነጨዋል። የምንነጋገረው እንግዲህ በዓመት ከ365 ቀናት ውስጥ ስለ ሁለት ቀን ተኩል ነው። ከዚህም ሌላ በፏፏቴው ላይ የወረደ ውሃ አይባክንም። ዓባይን ተከትሎ ወርዶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል፤ በበለስ በኩል የሄደውም የሚገናኘው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ከመገንባቱ በፊት እያንዳንዷን ጠብታ ከጣና አፍ ላይ ወደ ተርባይን ማስገባት ግድ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ያ አስገዳጅነት ላልቷል። በ1993 ዓ.ም. የነበረው የኃይል ረሃብ ያወጣው የውሃ አሠራር ዛሬም እንዳለ የሚቀጥልበት ምክንያት ካለ በግልጽ ሊነገረን ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሐይቁና የመስኖው ነው። ጣና ሲወርድ ጀልባዎች ይቆማሉ፤ የደሴት ገዳማት መንገዳቸው ይዘጋል፤ ዓሣ አስጋሪው ይጎዳል። ይህ ስጋት በተግባር የታየ ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ወለል እጅግ ዝቅ ብሎ መርከቦች ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ሐይቁን ያወረደው ለፏፏቴው የተለቀቀ ውሃ አልነበረም፤ ከዝናቡ ማነስ ጋር ተደርቦ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ነው። በዚያው ወቅት ፏፏቴውም አልተጠቀመም፤ የተለቀቀው ውሃ ፏፏቴው ሳይደርስ በቦይ ተወስዷልና። የ1995 ትምህርት እንግዲህ የተጻፈ ደንብ ሲጠፋ ሐይቁም ፏፏቴውም አብረው እንደሚጎዱ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው የጠየቅሁት 35 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲካፈልበት ከ12 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ነው፤ ያውም በአራት ወር ውስጥ። የመስኖው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ቆጋና ርብን የመሳሰሉ ግድቦች ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ላይ ውሃ ይይዛሉ፤ ሌሎችም ይከተላሉ። የገበሬው መስኖ ከጎብኚው ፎቶ ይቀድማል ቢባል አልከራከርም። ይሁን እንጂ ድልድሉ እየጠበበ መሄዱ የፏፏቴውን ድርሻ ለማዘግየት ሳይሆን ለማፋጠን ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን መጠን አስመዝግቦ ሲመጣ፣ ያልተመዘገበው ፏፏቴ በየጊዜው የተረፈውን ጠባቂ ይሆናል፤ ከእነ አካቴውም የሚተርፍ ነገር የማይኖርበት ቀን ይመጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተፈጥሮ ወዳዶች ወገን የሚነሳ ነው። በሰዓት የሚከፈትና የሚዘጋ ፏፏቴ ምኑን የተፈጥሮ ሆነ? ይህ ሰው ሠራሽ ትርኢት አይደለም ወይ? ይላሉ። ጥያቄው ልክ የሚሆነው ጨረጨራ ከመሠራቱ በፊት ቢሆን ነበር። ፏፏቴው ዛሬም በሰው እጅ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ልዩነቱ ሰዓቱን የሚያውቀው በር ከፋቹ ብቻ መሆኑ ነው። ይህን መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። አሜሪካና ካናዳ የናያጋራን ውሃ ለኃይል ሲካፈሉ እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል ላይ የፏፏቴውን ድርሻ አስቀድመው ጽፈዋል። በጎብኚ ወቅት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውሃ በሰከንድ ከ100 ሺህ ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከ2,800 ሜትር ኪዩብ በላይ፣ እንዳያንስ፤ በሌላው ጊዜ ከዚያ እኩሌታ እንዳይወርድ ተስማምተዋል። የቀረውን ውሃ ሁለቱም አገሮች ተርባይን ያዞሩበታል። በጣሊያን ደግሞ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ271 ወንዝ ቀልብሰው የፈጠሩት የማርሞሬ ፏፏቴ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ይውላል፤ በታወጀ ሰዓት ግን በፏፏቴው ላይ ይለቀቃል፤ ከመለቀቁም በፊት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል። ሰዉ የሰዓቱን ሠንጠረዥ አይቶ ይመጣል፤ የተታለለ አይመስለውም። የሚያስቀይመው ውሃው በሰዓት መለቀቁ ሳይሆን ሰዓቱ አለመነገሩ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ የወቅቱ ሁኔታ ነው። ክልሉ ጸጥታ በራቀው ጊዜ፣ ጎብኚ በጠፋበት ወቅት ስለ ፏፏቴ ሰዓት መጻፍ የቅድሚያ ቅድሚያ አይደለም ይባል ይሆናል። ሰላም ከሁሉ መቅደሙን የሚክድ የለም። ደንብ መጻፍ ግን መንገድ መዝጋትም መክፈትም አይጠይቅም፤ መሐንዲስ፣ የፍሰት መዝገብና ስብሰባ ነው የሚጠይቀው። እንዲያውም ጎብኚ በሌለበት ጊዜ ማንም ገቢ ስለማይቀርበት ሙከራ ለማድረግ ይመቻል። ከጨረጨራ የተለቀቀ ውሃ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፏፏቴው ላይ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚሳሳ፣ በ20ና በ30 ሜትር ኪዩብ ገደሉ ምን እንደሚመስል በበጋ ቀናት ለቅቆ፣ ለክቶና ፎቶ አንስቶ ማወዳደር ይቻላል። ሰላም ሲወርድ ጎብኚው የሚመለሰው በአንድ ጊዜ ነው፤ ዝግጅቱ ግን በአንድ ጊዜ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ደረቅ ገደል ካዩ ሁለተኞቹ ሐይቁን አይተው ከባሕር ዳር ይመለሳሉ።

ደንቡ ሲጻፍ ሊረሱ የማይገባቸው የአሠራር ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ከጨረጨራ ውሃ መልቀቅ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ውሃ የሚጠልፉት ከፏፏቴው በላይ ስለሆነ በታወጁት ሰዓታት የቦዩ መግቢያ ካልተዘጋ ለፏፏቴው የተለቀቀው ውሃ ፏፏቴውን ሳያይ ይመለሳል። የበለስ ማመንጫ ሲታቀድ እነዚህ ሁለቱ በመጠባበቂያነት እንዲቆዩ ታስቦ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ስለዚህ በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ማረፋቸው ብዙ የሚያጎድል አይመስልም። ሁለተኛ፣ በድንገት የሚለቀቅ ውሃ አደጋ ነው። ከግድቡ በታች ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ በበጋ ወንዙን በእግር የሚሻገሩ ሰዎች አሉ፤ ከፏፏቴው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ ጎብኚዎችና የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ፍሰቱ ቀስ በቀስ እንዲጨምር፣ ከመለቀቁ በፊት በየቦታው ድምፅ እንዲሰማ፣ ባለ ጀልባዎቹ ቀድመው እንዲነገራቸው ያስፈልጋል። የታወጀ ሰዓት በራሱ የደኅንነት መሣሪያ ነው፤ የሚያሰጋው ሳይታሰብ የሚመጣ ውሃ ነውና። ሦስተኛ፣ የዕለቱ የውሃ መጠን በትኬት መቁረጫው በር ላይ ይለጠፍ፤ በስልክም እንዲታይ ይደረግ። ውሃ በማይለቀቅባቸው ቀናት ትኬቱ ረከስ ይበል፤ ጎብኚውም የአላታን ድልድይ፣ ገደሉንና የእግር መንገዱን ሊያይ እንደሚመጣ አውቆ ይምጣ። ያን ጊዜ ደረቁ ወቅትም የራሱ ጎብኚ ይኖረዋል፤ ገደሉ የተቀረጸበትን ድንጋይ በቅርብ ማየት የሚቻለው ውሃው ሲሳሳ ነውና።

ይህ ሁሉ ሲወሰን የመንደሩ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ አለበት። ይህን ስል በጎ ፈቃድ እየለመንኩ አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 92 በአካባቢ ደኅንነት ላይ የሚወጡ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች በቀጥታ የሚነኩት ሕዝብ በእቅዱም በአፈጻጸሙም እንዲመክርበትና አስተያየቱን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። የጢስ ዓባይ ነዋሪ የሚያነሳው ጥያቄ ከቢሮ ሆኖ አይታሰብም። የገበያው ቀን የትኛው ነው? ወንዙን በእግር የሚሻገረው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት? የጀልባው ተራ እንዴት ይያዛል? ከትኬቱ ገቢ ለእግረኛ መንገዱና ለድልድዩ ጥገና ምን ያህል ይመለሳል? የአራት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለውን የአላታ ድልድይ ዕለት ተዕለት የሚረግጠው ጎብኚ ሳይሆን እርሱ ነው፤ ከከብቱና ከአህያው ጋር። ፏፏቴውን ለመንግሥት፣ መንገዱን ለመንደሩ ብለን ከከፈልነው ሁለቱም ባለቤት ያጣሉ። የውሃው ሰዓት ሲታወቅ ግን አስጎብኚው ቀጠሮ ይይዛል፤ ሻጯ ለቅዳሜ የምታዘጋጀውን ታውቃለች፤ የባሕር ዳር ሆቴሎችም እንግዳቸውን አንድ ቀን የሚያሳድሩበት ምክንያት ያገኛሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድትፈጽሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የጨረጨራን የአሠራር ደንብ ይፋ ያድርግ፤ በውስጡም ለወንዙ ሕይወት የሚበቃውን ዝቅተኛ ፍሰትና ለፏፏቴው ዕይታ የሚለቀቀውን ተጨማሪ መጠን ለየብቻ በቁጥር ያስቀምጥ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በመጪው የበጋ ወቅት የሙከራ ልቀት አካሂዶ ውጤቱን ያሳትም፤ የሚያጣውንም ኃይል በኪሎ ዋት ሰዓት ይንገረን፤ ስሌቴ ከተሳሳተ በእርሱ ይታረም። የባህልና ቱሪዝም ቢሮው የወቅቱን ሠንጠረዥ ከመንደሩ ሕዝብ ጋር አዘጋጅቶ ከኅዳር በፊት ያውጣ፤ የትኬቱንም ዋጋ ከውሃው ጋር ያያይዝ። ከእነዚህ አንዱም አዲስ ግድብ፣ አዲስ ብድር ወይም አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ በሮቹ ተሠርተዋል፣ መለኪያዎቹ አሉ፣ ሥልጣኑም በእጃችሁ ነው። ጥያቄዬ ለሚመለከታችሁ ሁሉ ከብዶ ከታያችሁ ቢያንስ ምክንያቱን ጽፋችሁ መልሱልን። ዜጋ ከጢስ ዓባይ ገደል ፊት ቆሞ ውሃው ለምን እንደ ቀረ ሲጠይቅ ማንም ሊመልስለት የማይችልበት ሁኔታ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው፤ ዛሬ ያለነው ደግሞ በዚያ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር